ራትላንድ ዋተርን በብስክሌት መዞር፦ ከኦክሃም ተነስቶ ኦክሃም መመለስ

ራትላንድ ዋተር ከለንደን በስተ ሰሜን፣ በትንሿ የራትላንድ አውራጃ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን የሚዞረው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ ሐይቁ መሃል የሚገባውን የሃምብልተንን ባሕረ ገብ መሬት ከጨመራችሁበት ወደ 37 ይጠጋል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የግማሽ ቀን ሽርሽር ነው ብሎ ይንቀዋል። ሰው የሚቸገረው ግን በርቀቱ አይደለም፤ በጠጠሩ፣ በነፋሱና በመመለሻው ባቡር ሰዓት ነው። ስለዚህ ምክራችን ሁለት ነው፦ ውሃውን በግራ እጃችሁ አድርጋችሁ ዙሩ፤ ሃምብልተንን ደግሞ ለመጨረሻ አቆዩት።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። በዚህ አገር ነፋስ በአብዛኛው የሚነሳው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ውሃውን በግራ ይዛችሁ ከኦክሃም በማንተን በኩል ስትጀምሩ፣ ገላጣ የሆነውን የደቡቡን ዳርቻ ነፋሱ ከኋላ እየገፋችሁ ታልፋላችሁ። ግድቡ ላይ ከጎን ይመጣል። በሰሜኑ ዳርቻ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል፤ ግን እዚያ የባርንስዴል ጫካ ብዙውን ይከልለዋል። በተቃራኒው የዞረ ሰው በደከመበት ሰዓት፣ ዛፍ በሌለበት የበግ መስክ መሃል ከነፋስ ጋር ይታገላል። በጸደይ አንዳንዴ የምሥራቅ ነፋስ ለቀናት ይነፍሳል፤ ያኔ ዙሩን ገልብጡት። ሕጉ ያው ነው፦ የፊት ነፋስ ጫካ ውስጥ ይግጠማችሁ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የአየር ትንበያ ስታዩ ከዝናቡ ይልቅ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት አንብቡ። በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ለግድቡ ብቻ ሳይሆን ለአጠቃላይ ሰዓታችሁም ተጨማሪ ጊዜ ያዙለት።

እዚያ ለመድረስ

ከለንደን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ፒተርቦሮ ይደርሳል፤ ከዚያ በስታምፎርድ በኩል ወደ ኦክሃም የሚሄደውን የሌስተርና የበርሚንግሃም ባቡር ይይዛል። ከፒተርቦሮ ኦክሃም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከሌስተር ወይም ከበርሚንግሃም የምትመጡ ደግሞ ያንኑ መስመር ከሌላኛው ጫፍ ትይዙታላችሁ፤ መቀየር የለባችሁም።

ብስክሌት ይዞ ለሚሄድ፣ ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ የሚነሳው ፈጣኑ ባቡር ፒተርቦሮን በ50 ደቂቃ አካባቢ ያደርሳል። ለብስክሌት ግን አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው። ቦታው ጠባብ ቁምሳጥን የመሰለ ክፍል ሆኖ ብስክሌቱ በፊት ጎማው መንጠቆ ላይ ይንጠለጠላል፤ ወፍራም ጎማና ሙሉ ፓራፋንጎ ያለው ብስክሌት በደንብ አይገባም፤ ሻንጣዎቹንም አውርዶ ማንሳት ያስፈልጋል። ትዕግሥት ላለው የሚሻለው ከለንደን ፒተርቦሮ የሚሄደው ዘገምተኛው ባቡር፣ ቴምስሊንክ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሊወስድ ይችላል፤ ግን ለብስክሌት ማስያዝ አይፈልግም፣ ብስክሌቱም በሩ አጠገብ ቆሞ ይሄዳል። የሥራ ቀን ጠዋትና ማታ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ የማይታጠፍ ብስክሌት አያስገባም። ከፒተርቦሮ ወደ ኦክሃም የሚሄደው ባቡር አጭር ነው፤ ያለው የብስክሌት ቦታም ጥቂት ነው። ስትሄዱም ስትመለሱም በምትይዙት ባቡር ላይ የብስክሌት ቦታ አስይዙ። ቅዳሜ በፀሐይ ቀን ያለ ማስያዣ የመጣ ሰው መድረክ ላይ ቀርቶ ቀጣዩን ባቡር ሲጠብቅ ማየት የተለመደ ነው፤ ቀጣዩ ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይቆያል።

በመኪና የሚመጣ ዊትዌል፣ ሳይክስ ሌን ወይም ኖርማንተን የሚከፈልበት ማቆሚያ ያገኛል። ብስክሌት መከራየት የሚፈልግም ዊትዌልን ይጠይቅ፤ በክረምት የሥራ ሰዓቱ ስለሚያጥር አስቀድሞ መደወል ይሻላል።

ብስክሌቱ

መንገዱ በአብዛኛው የተጠቀጠቀ የኖራ ድንጋይ ጠጠር ነው፤ እዚህም እዚያም አስፋልት አለበት። የተራራ ብስክሌት አያስፈልግም፤ ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ግን ያስለቅሳል። ተመራጩ ከ35 እስከ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነው። የነጂው ክብደት ከ75 እስከ 80 ኪሎ ሆኖ ኋላ አንድ ቀላል ሻንጣ ካለ፣ ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ፊት 42፣ ኋላ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። 32 ሚሊ ሜትር ከሆነ 60 እና 65 አድርጉት። ብዙ ሰው ጎማ ከተነፋ ይቀላል ብሎ ድንጋይ እስኪመስል ያጠነክረዋል። ጠጠር ላይ ግን ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ ይነጥራል፤ ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል፤ እጅና ወገብም ይጎዳል። ከመጠን በላይ ያላላ ደግሞ የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ይቆነጥጠዋል።

ዳገቶቹ አጫጭር ናቸው፤ ግን ድንገት ይነሳሉ። ከኩርባ በኋላ ስለሚመጡ ማርሽ ቀድሞ ማቅለል ያስፈልጋል። ፔዳሉ ከከበደ በኋላ ማርሽ መቀየር ካቴና ያስወጣል፣ አንዳንዴም ይበጥሳል። የፊቱ ትንሹ ጥርስ ከኋላው ትልቁ ጋር ሲነጻጸር እኩል ወይም ያነሰ ቢሆን፣ ለምሳሌ በጥርስ ቁጥር 34 በ34 ወይም 30 በ34፣ ሻንጣ ጭኖም ሳይወርዱ መውጣት ይቻላል።

የኖራ ድንጋዩ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሲደርቅ ዱቄት ነው፤ ሲረጥብ ነጭ ሊጥ ሆኖ ካቴናው፣ ማርሹና ፍሬኑ ላይ ይለጠፋል፤ ካደረ ይጠነክራል። ቸርኬውን በጎማ ሸክላ ለሚይዝ ፍሬን ይህ ሊጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ አንድ ዝናባማ ቀን ብዙ ይበላለታል። ስለዚህ የፍሬን ሸክላው ላይ ያለው ስንጥቅ ጠፍቶ ከሆነ ሳትቀይሩት አትሂዱ። ስትመለሱ በዚያው ቀን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ካቴናውን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ። ዘይቱን ቀብታችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉት፤ በዘይት የራሰ ካቴና የበለጠ አቧራ ይሰበስባል።

ሻንጣ የምትይዙ ከሆነ ከባዱን ከታችና ወደ ነጂው አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ለቀን ጉዞ አንድ የጎን ሻንጣ ወይም መሪው ላይ የሚታሰር ቦርሳ ይበቃል። የጎን ሻንጣ የላይኛው መንጠቆ ብቻ ተይዞ የታችኛው ካልተያዘ፣ ከብት እንዳያልፍ መንገዱ ላይ በተነጠፉት የብረት ዘንጎች ስታልፉ ከፖርቶመጋላው (ከኋላው የዕቃ መጫኛ) ይዘላል። የፖርቶመጋላውን ብሎኖች ከመነሳታችሁ በፊት አጥብቁ፤ ጠጠር በመንቀጥቀጥ ያላላቸዋል።

መንገዱ፣ ውሃውን በግራ ይዞ

ከኦክሃም ጣቢያ ወጥታችሁ ወደ ኤግልተን መንደር አምሩ። በምዕራቡ በኩል መንገዱ ከውሃው ይርቃል፤ ዳርቻው ለአእዋፍ ጥብቅ ቦታ የተተወ ስለሆነ ነው። ሐይቁን ለማየት የቸኮለ ሰው እዚህ ይሰላቻል። ከኤግልተን ወደ ማንተን ያለው ክፍል ከዋናው የመኪና መንገድ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው፤ ድምፅ ይበዛዋል፤ በቶሎ ማለፍ ነው።

ማንተን ጉብታ ላይ ያለች የድንጋይ መንደር ናት። ከእርሷ በኋላ ውሃው ይገለጣል፤ እውነተኛው ጉዞም ይጀምራል። መንገዱ በበግ መስክ መሃል ይወጣል ይወርዳል፤ በየመሃሉ በር አለ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በሩን ያገኛችሁት ተዘግቶ ከሆነ ዝጉት፣ ተከፍቶ ከሆነ ተዉት። ከብት እንዳያልፍ መንገዱ ላይ የተነጠፉት ክብ የብረት ዘንጎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ ፔዳል መምታት አቁሙ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከኮርቻው ትንሽ ተነስታችሁ እለፉ። ዘንጉ ላይ ሆኖ ፍሬን መያዝ ወይም ማጠፍ፣ በተለይ በዝናብ ቀን፣ መውደቅ ነው። በማርችና በኤፕሪል ግልገሎች ይወለዳሉ፤ እናትና ልጅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከቆሙ ግልገሉ መሻገሩ አይቀርም። ቆማችሁ አሳልፉት።

በዚህ ዳርቻ፣ በሊንደን በኩል፣ ኦስፕሬይ የሚባለው አሣ አዳኝ አሞራ ጎጆ አለ። ከእንግሊዝ ጠፍቶ የነበረውን ይህን ወፍ ከ1996 ጀምሮ ጫጩቶች ከስኮትላንድ እያመጡ እዚህ አለመዱት፤ በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለፈለ። ከማርች አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይታያል፤ ክረምቱን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይወርዳል። የሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ ያዙ። የማየት ፍላጎት ካላችሁ ግን ለዚህ ብቻ አርባ ደቂቃ መድቡ፤ ካለበለዚያ ሰዓታችሁን በልቶት ሃምብልተን ይቀራል።

ቀጥሎ ኢዲት ዌስተን፣ ከዚያ ኖርማንተን ይመጣል። ውሃው ውስጥ የቆመ የሚመስለው ቤተ ክርስቲያን እዚህ ነው። ግድቡ ሲሠራ ወለሉ ከውሃው መጠን በታች ሊሆን ስለነበር እንዲፈርስ ታስቦ ነበር። በኋላ ግን የታችኛው ክፍል እስከ መስኮቶቹ አካባቢ በድንጋይና በኮንክሪት ተሞልቶ፣ ዙሪያው ተደልድሎ ከባሕሩ ተረፈ። ዛሬ ቅዳሴ አይቀደስበትም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ስለሚሰበሰብ ደወላችሁን እየደወላችሁ፣ ካስፈለገም ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ። በዚህ መንገድ ብስክሌትና እግረኛ እኩል ናቸው፤ ከኋላ መጥቶ ድንገት ማለፍ በተለይ ረጅም ገመድ ላይ ውሻ ያሰረ ሰው ሲያጋጥም አደገኛ ነው፤ ገመዱ መንገዱን ሲያቋርጥ ከሩቅ አይታይም።

ግድቡ ከዚህ ይጀምራል። ርዝመቱ 1,200 ሜትር፣ ከፍታው 35 ሜትር ያህል የሆነ የሸክላ አፈር ግድብ ነው፤ በሣር ስለተሸፈነ ከውጭ ለሚያየው ተራ ጉብታ ይመስላል። በ1970ዎቹ ተሠርቶ ሲያልቅ ሐይቁ የሞላው በትንሿ የግዋሽ ወንዝ ሳይሆን ከዌላንድና ከኔን ወንዞች በፓምፕ እየተሳበ በሚመጣ ውሃ ነው፤ አሁንም እንደዚያው ነው። በስፋት ከእንግሊዝ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ትልቁ ነው፤ በያዘው የውሃ መጠን ግን ሰሜን ያለው ኪልደር ይበልጠዋል። ግድቡ ላይ መንገዱ ሜዳ ነው፤ መከለያ ግን ምንም የለም። ከመግባታችሁ በፊት ጃኬት ደርቡ። ላብ ያረጠበው የጥጥ ልብስ በዚህ ነፋስ አጥንት ድረስ ያቀዘቅዛል፤ ከውስጥ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሻላል። ጋቢ ለባቡሩ ነው።

ከግድቡ ማዶ ሳይክስ ሌን ነው፤ መጸዳጃና፣ በበጋ ወራት፣ የተፈቀደ የመዋኛ ዳርቻ አለው። ከዚያ ውጭ ሐይቁ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ትንሽ እንደሄዳችሁ ዊትዌል ትደርሳላችሁ፤ ካፌ አለ። መንደሯ መግቢያ ላይ ዊትዌል ከፓሪስ ጋር እህትማማች ከተማ መሆኗን የሚናገር ምልክት ታያላችሁ። የመንደሩ ሰዎች በዘመኑ ለነበረው ለፓሪስ ከንቲባ ለዣክ ሺራክ ደብዳቤ ጽፈው «መልስ ካልሰጡን እንደ ተስማሙ እንቆጥረዋለን» ብለውት ነበር ይባላል፤ መልስ አልመጣም፤ ምልክቱ ተተከለ።

ከዊትዌል በኋላ ባርንስዴል ነው፤ የዙሩ ቀጥ ያሉት ዳገትና ቁልቁለት ጫካው ውስጥ ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሌ አንድ ነው፤ ሰው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ኩርባው ላይ የፊቱን ፍሬን ይጨብጣል። ልቅ ጠጠር ላይ የፊት ጎማ ከተያዘ ይሸሻል። ፍጥነቱን ገና ከላይ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ቀንሱ፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬኑን ልቀቁ። በመከር የረገፈ ቅጠል ጠጠሩንና ሥሩን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ከቁልቁለቱ ወርዶ መግፋት ውርደት አይደለም።

ሃምብልተን፦ ይገባበታል ወይስ ይታለፋል?

ጫካውን ጨርሳችሁ ወደ ኦክሃም ስትቃረቡ፣ የሃምብልተን መገንጠያ በግራ ይመጣል። ውሳኔው እዚህ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ባሕረ ገብ መሬቱን ዞሮ መውጣት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። በቁጥር ትንሽ ነው፤ ግን ጠጠሩ ከሌላው ቦታ የላላ፣ ዳገቶቹ የተከታተሉ ስለሆኑ ጭነት ላለው ብስክሌት አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። እኛ የምንጠቀምበት ስሌት ይህ ነው፦ ከመገንጠያው ሆናችሁ እስከ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ከሌላችሁ አትግቡ። አንድ ሰዓት ለዙሩ፣ ግማሽ ሰዓት ለኦክሃም መመለሻ፣ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ለሚፈነዳ ጎማ።

ጊዜ ካለ ግን ከሙሉው ዙር የሚያምረው ይህ ክፍል ነው። ውሃ በሦስት ጎን ይከባችኋል፤ መኪና የለም፤ በሰሜኑ ጎን አሮጌ ጫካ፣ በደቡቡ ጎን ውሃው እግሩ ሥር ደርሶ የቆመው አሮጌው የድንጋይ ቤት አለ። ድሮ ሦስት ሃምብልተን ነበሩ፤ የታችኛው መንደርና የመካከለኛው ከፊል ውሃው ሥር ቀርተዋል፤ ዛሬ የምታዩት ጉብታው ላይ የነበረውን የላይኛውን ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው መካከለኛ መንገድ አለው፦ በአስፋልቱ ብቻ እስከ ላይኛው መንደር ወጥቶ፣ ግራና ቀኝ ውሃውን አይቶ መመለስ። ጠጠር የለበትም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ጎማ ሲፈነዳ

በዚህ አካባቢ ጎማ የሚያፈነዳው መስታወት አይደለም፤ እሾህ ነው። የመስኩ አጥር ሆውቶርን የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት፣ ከማርች እስከ ኦገስት መጨረሻ፣ ገበሬዎች አጥር ስለማይቆርጡ መንገዱ ንጹህ ነው። ከሴፕቴምበር ጀምሮ በትራክተር ሲቆርጡ እሾሁ መንገዱ ላይ ይረግፋል። በመከርና በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ውስጡ የመከላከያ ንጣፍ ያለው ጎማ ግጠሙ፤ ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ቢያንስ ስድስት መጣፊያ፣ ማስቲሽ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ፓምፕና ትንሽ ጉጠት ያዙ። ጉጠቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ የቀረ የእሾህ ጫፍ ግን በጣት አይወጣም።

ሲፈነዳ አሠራሩ እንዲህ ነው። የኋላው ከሆነ መጀመሪያ ካቴናውን ወደ ትንሹ ጥርስ አውርዱ፤ ቸርኬው በቀላሉ ይወጣል። ጎማውን ከአንድ ጎን ብቻ አውጡ። ቀዳዳው ከንፋስ መሙያው ምን ያህል እንደሚርቅ እንድታውቁ የውስጡን ጎማ ከውጪው ጋር እንደነበረ አስተያዩት፤ ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሰው የጎማውን ጽሑፍ ሁልጊዜ ከንፋስ መሙያው ትይዩ የሚገጥመው። የውስጡን ነፍታችሁ ከንፈራችሁ አጠገብ አዙሩት፤ ጆሮ ያልሰማውን ትንፋሽ ከንፈር ይሰማዋል። ቀዳዳውን ስታገኙ በዚያው ትይዩ የውጪውን ጎማ ፈትሹ። ውስጡን በባዶ ጣት አትዳብሱ፤ ጨርቅ ጎትቱበት፣ እሾሁ ጨርቁን ይይዘዋል። እሾሁን ሳታወጡ አዲስ የውስጥ ጎማ ከገጠማችሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያው ይመለሳል። በአንድ ቀዳዳ ቦታ ሦስት እሾህ መኖሩም ብርቅ አይደለም፤ አንዱን አውጥታችሁ አትቁሙ።

የቀዳዳው መልክ ምክንያቱን ይናገራል። በውጪው በኩል አንዲት ነጥብ ከሆነች እሾህ ነው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ ቸርኬው ቆንጥጦታል፤ ንፋሱ አንሶ ነበር ማለት ነው። በውስጠኛው በኩል፣ ቸርኬው ላይ በሚያርፈው ጎን ከሆነ ደግሞ የቸርኬው ንጣፍ ከቦታው ተንሸራቶ የሽቦ ቀዳዳ ወይም ጠርዝ በልቶታል፤ ንጣፉን ሳያስተካክሉ መጣፍ ከንቱ ድካም ነው።

መጣፍ ካለባችሁ ከመጣፊያው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሻሹ፤ ማስቲሹን በስሱ ቀቡ፤ ከዚያ ጠብቁ። ብዙ መጣፊያ የሚለቀው ሰው ስለሚቸኩል ነው። ማስቲሹ እርጥበቱ ጠፍቶ ሲነኩት እጅ የማይከተል እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል፣ በብርድ ቀን ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ዝናብ ከሆነ ከመጣፍ ይልቅ መለዋወጫውን ግጠሙና የተቀደደውን ባቡር ውስጥ ጣፉት።

ውሃና ስንቅ

ሁለት ጠርሙስ ውሃ ከኦክሃም ሞልታችሁ ውጡ፤ ከማንተን እስከ ኖርማንተን መሙያ አትጠብቁ። የሐይቁን ውሃ በምንም መልኩ አትጠጡ፤ ጠርሙስ አትጠቡበት። በበጋ መጨረሻ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይወጣበታል፤ በ1989 ከዚህ ውሃ የጠጡ በጎችና ውሾች ሞተዋል። ዳር ላይ የተፈሰሰ ቀለም የመሰለ አረንጓዴ ካያችሁ እግራችሁንም አታስነኩ። የቆቃን ውሃ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ለስንቅ ከማንኛውም የስፖርት ዱቄት በሶ ይሻላል። 60 ግራም በሶ፣ አንድ ማንኪያ ማርና ቁንጥጫ ጨው በግማሽ ሊትር ውሃ፤ ይህ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይይዛል። አንድ ችግር አለው፦ ጓል ከሠራ የጠርሙሱን አፍ ይደፍናል። ዱቄቱን መጀመሪያ በጥቂት ሞቅ ያለ ውሃ ለጥፋችሁ አሟሙት፤ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ አታቆዩት። ሁለተኛው ጠርሙስ ንጹህ ውሃ ይሁን። ዳቦ ቆሎ ከቆሎ ይመረጣል፤ ቆሎ እየነዱ መብላት ትን ያሰኛል። ጾም የያዘ ሰው በመንደሮቹ መጠጥ ቤቶች የሚያገኘው «ሥጋ የሌለው» ምግብ አብዛኛውን ጊዜ አይብ ያለበት ነው፤ ስንቁን ከቤት ይያዝ። ወጥ ቤታቸውም ከምሳ በኋላ ተዘግቶ እስከ ማታ የማይከፈት ብዙ ነው።

ሙሉ ቀን ላለው

ዙሩን ወደ እውነተኛ የገጠር ጉዞ መለወጥ የሚፈልግ ማንተን ላይ ከሐይቁ ይገንጠል። በዊንግ በኩል ወደ አፒንግሃም፣ ከዚያ ወደ ስቶክ ድራይ ወርዶ አይብሩክ የሚባለውን ትንሽ የውሃ ማጠራቀሚያ ያገኛል። በ1940 ለኮርቢ የብረት ፋብሪካ የተሠራ ነው፤ በሜይ 1943 የብሪታንያ አየር ኃይል የጀርመንን ግድቦች ለመምታት ከመሄዱ በፊት እዚህ ተለማምዷል። ከዚያ በካልዲኮትና በሊዲንግተን ወደ ሲተን ስትመጡ የዌላንድን ሸለቆ በ82 ቅስት የሚሻገረው የባቡር ድልድይ ከፊታችሁ ይዘረጋል። በሞርኮትና በኖርዝ ሌፈንሃም አድርጋችሁ ኢዲት ዌስተን ላይ ከሐይቁ መንገድ ጋር ትገናኛላችሁ። ይህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ከጠጠሩ ይፈጥናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መንደር ጉብታ ላይ፣ በመሃላቸው ያለው ሁሉ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከዊንግ በፊት ያለው ቁልቁለት ሲያልቅ ወዲያው ዳገት ስለሚነሳ ማርሹን ገና ታች ሳትደርሱ አቅልሉ። መንገዶቹ ጠባብ፣ አጥሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ ኩርባ ላይ ትራክተር ይመጣል። ግራ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ መንዳት አያድንም፤ ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ንዱ፣ ከሩቅ እንድትታዩ።

ይህን የጨመረ ሰው ሃምብልተንን ይተወው። ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሁለቱንም አይሞክር፤ በዲሴምበር ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ በሐይቁ መንገድ ላይም መብራት የለም። ከመሸ ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራትና ቀይ አንጸባራቂ በሕግ ግዴታ ናቸው። የከተማ መብራት ሌላው ሰው እንዲያያችሁ ነው የተሠራው፤ ለጠጠሩ መንገድ ቢያንስ 400 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ፣ መንገዱን የሚያሳይ መብራት ያስፈልጋችኋል። ባትሪው በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ሳታበሩት ኪስ ውስጥ አቆዩት፤ ባርንስዴል ጫካ ስትደርሱ መሪው ላይ እሰሩት።